አራት ሩብ

ሂርማታ ገበያ ጫፍ፣ ባጃጅ ከሚሰለፍበት፣
ባለ መስታወት በር ናት፣ የሐጂ ነጂብ ሱፐርማርኬት።
ስድስት ዓመት ሒሳብ ያዝኩ፣ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ፣
መብራት ሲሄድ ፍሪጁ ዝም፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲበላ።

መዝገቤ ዓምድ አያጣም፤
የገባ አለው፣ የወጣም፣
ቀኑ ያለፈ፣ የሻገተ፣ አይጥ ቀዶት የቀነሰ፣
ከአይሱዙ ተንሸራቶ ጊቤ ቁልቁለት የፈሰሰ።
አንድ ነገር ብቻ ዓምድ የለው፦
ሰው ከመደርደሪያ አንሥቶ፣ ካሸሩ ጋ ሲደርስ የተወው።

ራውዳ ናት ካሸራችን። ማታ ቅርጫቱን ታመጣለች፣
«ዛሬም ይኸው» ትላለች።
ዘይት ባለ አንድ ሊትር፣ ላብ የነካው ክዳኑ፣
ምስር፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣
ለሩብ ሰዓት ያህል የሰው ንብረት የሆኑ።

ዘሂያ አለች፣ ካምፓስ በር ልብስ አጣቢ፣
የዋጋውን ወረቀት እንደ ደብዳቤ አንባቢ፤
«ትናንት እኮ ሌላ ነበር» ትላለች አንገቷን ሰብራ፤
ራውዳ ምን ትመልስ? የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣
ማታ፣ በባትሪ፣ በመብራት ፈረቃ ተራ።
መምህር ገመዳም ወሩ ሲጋመስ፣ ፓስታውን ይመልሳል፣
«ለካ ቤት አለ» እያለ፣ እየሳቀ፤
ቤት እንደሌለ ከራውዳ ሌላ ማን አወቀ።

ታዲያ እኔ፣ ዓምድ የሌለው ነገር የማይሆንልኝ፣
ደብተር ገዛሁ ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ከራሴ ኪስ፣ ያለ ደረሰኝ።
ላዩ ላይ ጻፍኩ፦ «ተይዞ የቀረ»፤
ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ ሰውዬው ኪስ ስንት እንደ ነበረ።
ለምን? እንጃ።

ሐጂ ክፉ አይደሉም፣ ይህን መዝገቤ ይመስክር፤
ከመቶ ብር ሽያጭ የምትተርፋቸው፣
ኪራይና ናፍጣ ሲነሣ፣ አራት ብር።
አከፋፋዩ ሲጨምር ጥርሳቸውን ነክሰው ይፈርማሉ፣
ረመዳን ሲገባ ቴምር በነጻ ያድላሉ።

ደብተሩን አዩት፣ በሐምሌ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፤
ቁጭ ብለው አነበቡት፣ ጣታቸው መስመር ሲለቅም፣ ሲያገላብጥ።
አንድ ገጽ ላይ ዝም አሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ መሰለኝ።
«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ይህ ወርቅ ነው! እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽብኝ?»

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ማሸጊያ ማሽን መጣ፤
ዘይቱ ከሊትር ወደ ሩብ፣ ስኳሩ በስስ ላስቲክ ወጣ፣
ሳሙናው በሽቦ ተቆረጠ፣ ፓስታው በጭብጥ ታሰረ፣
ትንሽ ናትና ተብሎ፣ በየትንሿ ላይ ትንሽ ተጨመረ።

ዘሂያ ባዶ እጇን አትወጣም፤ ነጋ ጠባ ትመጣለች፣
ሩብ ዘይቷን አንጠልጥላ «አላህ ይስጣቸው» ትላለች።
ቅርጫቱ ባዶ ከረመ፤ ድመቷ ወለደችበት፣
ራውዳ ደስ አላት፤ እኔም፣ ለጥቂት ቀን፣ ደስ አለኝ በእውነት።

የወሩን ሒሳብ ዘጋሁ፤ አራቷ ብር ሰባት ሆነች፣
ሦስት መቶ ብርም ለኔ፣ «ለትጋቷ» ተብላ፣ ደሞዜ ላይ ተጻፈች።

ብቻዬን ስቀር ግን ደመርኩ፣ ሦስቴ፣ በእጅም በማሽንም፤
አራት ሩብ አንድ አይሆንም።
የሐኪሙ ሚስት ሙሉ ሊትር በአንድ ጊዜ ታወጣለች፣
ዘሂያ ለዚያው ሊትር፣ በአራት ቀን፣
ሃያ ስምንት ብር አስበልጣ ትከፍላለች፤
ሃያ ስምንት ብር፣ የሁለት ጂንስ ሱሪ እጥበት፣
ሙሉውን መግዛት ባለመቻሏ የተጣለባት ቅጣት።

ትናንት ማታ ራውዳ፣ ግልገሎቹን አውርዳ፣ ቅርጫቱን ይዛ መጣች፤
ሥሩ ላይ አንዲት ሩብ ዘይት፣ ላብ ነክቷት፣ ብቻዋን ተጋድማለች።
እስክሪብቶ አነሣሁ።
ሐጂ ከበሩ «ምን ተገኘ?» አሉ።
«ምንም» አልኳቸው። አልጻፍኳት።
ዋጋዋን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ከቦታዋ መለስኳት።